ቀርከሃ ቆራጮቹ ሽማግሌዎች

ጁምዓ በአሶሳ አቅራቢያ ማሽላ እየዘራ የሚኖር ዝምተኛ ሰው ነበር። መንደሩን ወክሎ በሸንጎ ሲቀመጥ ስድስት ዓመት ሙሉ ከ«እሺ» ሌላ ቃል አልወጣውም።

ክረምቱ እንደወጣ አገሩን የሚገዛው ሼኽ ከየመንደሩ አሥር ወጣት ለግብር እንዲሰጥ አዘዘ። የሄደ እንደማይመለስ ሁሉም ያውቃል። ባለፈው ዓመት ብቻውን «አይሆንም» ያለ ሽማግሌ በሰንሰለት ታስሮ ተወስዶ ደብዛው ጠፍቷል።

ስለዚህ ከሸንጎው ሰዎች ሰባቱ ቀርከሃ ቆራጭ መስለው በጠራራ ፀሐይ ጫካ ገቡ። ግማሹ «አንድም አንስጥ» ሲል ሌላው «ይቀነስልን ብለን እንለምን» አለ። ተጨቃጨቁ።

«እዚህ እንጣላ፤ ሸንጎው ላይ ሼኹ ፊት ግን አንድ አፍ ይኑረን» አላቸው ጁምዓ።

አንድም ላለመስጠት ተስማሙ። አንደበተ ርቱዑ ሙርሳል ሊናገር፣ ስድስቱ ተከትለውት ሊነሡ፣ ማንም ለብቻው ሼኹ ግቢ ላይሄድ በቁርኣን ማሉ። ቃሉ እንዳይላላ እየዞረ የሚጠብቀው ጁምዓ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ ብሎ በሩን ያይ ጀመር።

«ምን ነካህ? እህል እንኳ አልቀምስ አልክ» አለችው ሚስቱ ኸድራ።

«ቀርከሃው አድክሞኝ ነው።»

«ቀርከሃ የቆረጠ ሰው እንዲህ አይበረግግም።»

ሸንጎው ሁለት ቀን ሲቀረው ሙርሳል ከሼኹ ግቢ ሲወጣ ታየ ተባለ። ጁምዓ እየሮጠ ሙርሳል ቤት ሄደ።

«አስጠርቶኝ ነው» አለ ሙርሳል፣ ዓይኑን ከመሬት ሳይነቅል። «የልጄን ስም ጠራብኝ። ጁምዓ ወንድሜ፣ እኔ አልናገርም።»

በሸንጎው ቀን ጠመንጃ የያዙ የሼኹ ሰዎች በሩን ዘግተው ቆሙ።

«የሚቃወም አለ?» አለ ሼኹ።

ሙርሳል አቀረቀረ። ጁምዓ ተነሣ። «አለ። ልጆቻችንን አንሰጥም።»

ከኋላው የተነሣ አልነበረም። አለቀልኝ ሲል የልብስ መንኮሻኮሽ ሰማ፤ አንዱ ተነሣ፣ ቀጥሎ ሌላው፤ አምስቱም ቆሙ።

ሼኹ አንድ በአንድ አያቸው። «ስድስት ናችሁ» አለ ፈገግ ብሎ። «ሰባት ናቸው ተብዬ ነበር።»

ስድስት መንደር ባንድ ቀን ማስሸፈቱን ግን ፈራ፤ ትእዛዙን ለከርሞ አሳደረው። በዚያ ዓመት ከመንደሮቹ አንድም ወጣት አልሄደም። ጁምዓ ግን እስኪሞት ድረስ መርዝ እየፈራ ከሰው ቤት ውሃ አልጠጣም፤ ማን እንደነገረባቸውም ሙርሳልን አንድም ቀን አልጠየቀው።