ጥያቄውን የለወጠችው መምህርት

ዛሬ እንጅባራ ላይ በነበረን የመምህራን ስብሰባ፣ የፊዚክስ መምህርታችን እቅድ በርእሰ መምህሩ «ፓራዳይም ሺፍት የለውም» ተብሎ ሊጣል ነበር።

እቅዷ ከገጠር የመጡ ተማሪዎች የተማሩትን መጀመሪያ በአፍ መፍቻቸው በአገውኛ እንዲያስረዱ ነው።

በዚህ ቃል አጠቃቀም መናደድ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። መጋረጃ ሲቀየርም ፓራዳይም ሺፍት ይባላል!

እሷ ግን ሳትቆጣ ለርእሰ መምህሩ መለሰች። «ጋሼ፣ ቃሉን ያስፋፋው የሳይንስ ታሪክ ተመራማሪ ነው። ሰዎች ፀሐይ መሬትን ትዞራለች ብለው ለዘመናት አሰሉ። ስሌቱ አልገጥም ሲል 'መሬት ብትሆንስ የምትዞረው?' ብለው መነሻውን ራሱን ለወጡት። ትርጉሙ ይኸው ነው።»

«ታዲያ ከልጆቹ ጋር ምን አገናኘው?»

«ዝም ሲሉ አልገባቸውም እያልን ያንኑ ትምህርት እንደግምላቸዋለን። ገብቷቸው በአማርኛ መናገር ከብዷቸው ቢሆንስ?»

በአገውኛ አፉን የፈታው የግምጃ ቤት ከተማ ተወላጅ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ «እኔንም እኮ በዚሁ ነው ደደብ ሲሉኝ የኖሩት!» ሲል ሳቅ ሆነ።

እቅዱ ጸደቀ፤ ሰኞ ይጀመራል። መዳፌ እስኪግል አጨበጨብኩ። የሚያውቀኝ ያውቃል፣ በቀላሉ አላጨበጭብም።

እስቲ እናንተም፣ ሁሉም መልስ ሲያሳድድ ጥያቄውን የለወጠ ሰው ካያችሁ አጫውቱኝ።