የጋሽ ተካልኝ ምክር፣ በአንድ ብርጭቆ ሻይ

በካርቱም በዴም፣ በአርካዊትና በሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ያላችሁ፣ ከጦርነቱ ወዲህም በየአገሩ የተበተናችሁ ወዳጆች፤ ጋሽ ተካልኝ ባለፈው ዓርብ ማለዳ፣ ከጥቂት ቀን ሕመም በኋላ፣ እዚሁ ዴም በተከራዩአት ክፍል ዐርፈዋል። ዓርብ መሆኑ ራሳቸውንም ሳያስቃቸው አይቀርም። «ሥራ በሚበዛብኝ ቀን?» የሚሉ ይመስለኛል።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሽ ተካልኝ የአንድ ሱዳናዊ እህል ነጋዴ ገንዘብ ያዥ ሆነው ነው ያረጁት። ሥራ ሲያቆሙ እኔ ሻይ ከምሸጥበት የኒም ዛፍ ሥር መጡና በንበር በምንላት አጭር መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። ተቀመጡ ስል፣ ዓመታት ነው። በሰው ቤት የሚሠሩት የአገራችን ልጆች ዓርብ ያርፋሉና፣ ገንዘባቸውን ምን እንደሚያደርጉት ሊጠይቋቸው ይመጡ ነበር።

የማንንም ገንዘብ በእጃቸው አይነኩም። የዕለቱን ጥያቄ በዕለቱ አይመልሱም፤ «በሚቀጥለው ዓርብ ነይ» ነው። ጠያቂው ደግሞ አንድ ሻይ ሊገዛላቸው ግድ ነው። «በነጻ የሰጡት ምክር ደጅ ሳይደርስ ይረሳል» ይሉ ነበር። በዚህ የተጠቀምኩት እኔ ነኝ፣ አልዋሽም።

አንድ ቀን ዘይነባ የምትባል የወሎ ልጅ የዓመት ደመወዟን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ወንድሜ ባጃጅ ልግዛበት፣ ላኪልኝ ይላል።»

«መንዳት ይችላል?»

«ኧረ አይችልም። ይለምዳል፣ ኢንሻአላህ።»

«በማን ባጃጅ?»

ዘይነባ ሻይዋን እስክትደፋ ሳቀች፤ ገንዘቡንም ወንድሟ መንጃ ፈቃድ እስኪያወጣ አቆየችው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በጆሮዬ እየሰማሁ ነው እኔ የተሳሳትኩት። ሐጂ ዑስማን የሚባሉ ደንበኛ ነበሩኝ። በሐጅ ዩሱፍ ሁለት ክፍል ቤት ተገኝቷል፣ ለውጭ ሰው ወረቀቱ አይቀልምና በእሳቸው ስም አድርገን እንድገዛው ነገሩኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያጠራቀምኩትን ልሰጣቸው ቃል ገባሁ። ለልጄና ለልጅ ልጄ የራሳችን የምንለው በር እንዲኖረን ነበር ምኞቴ። ለጋሽ ተካልኝ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ሰው ምክር የሚሸሸው መልሱን ልቡ ሲያውቀው ነው።

እሳቸው ግን ሻያቸውን ቀመስ አድርገው አስቀመጡት።

«ዘነበች፣ ስኳር ሳታደርጊበት ስትሰጪኝ ዛሬ ሦስተኛ ቀንሽ ነው። ምን ሆነሻል?»

ነገርኳቸው።

«እንግዲያስ ዛሬ ባለጉዳይዋ አንቺ ነሽ። ሻይ ግዢልኝ።»

«ሻዩ የኔው አይደለም እንዴ?»

«ነዋ። ቅጂና ዋጋውን ከኪስሽ አውጥተሽ ሣጥንሽ ውስጥ ክተቺ።»

ከራሴ ኪስ ወደ ራሴ ሣጥን ከፈልኩ። ዓርብ ነበርና ዘይነባም አጠገባችን ተቀምጣ ስትስቅብኝ ዋለች።

«ገንዘቡ ቢጠፋ ማን ጦሙን ያድራል?» አሉኝ።

«እኔ፣ ልጄ፣ የልጅ ልጄም።»

«ወረቀቱ በማን ስም ነው?»

ተቆጣሁ። «ሐጂ ደግ ሰው ናቸው። ልጄ ስትታመም ሐኪም ቤት ያደረሱልኝ እሳቸው ናቸው።»

«ደግ ናቸው፤ እኔም አውቃቸዋለሁ። ልጆቻቸውንስ ታውቂያቸዋለሽ? ደግነት አይወረስም፤ ወረቀት ግን ይወረሳል።»

ሳምንቱን አኮረፍኳቸው። ሻያቸውን እሰጣለሁ፣ አልናገርም። በዓርቡ፣ «ቤት ተከራዪ እንጂ አትግዢ። ለዕለት ጉሮሮ የሚሆነውን አስቀሪና ሌላውን ወርቅ አድርጊው። ቤት ተሸክመሽ አትሄጂም» አሉኝ። ቅር እያለኝ እሺ ብዬ የወርቅ አምባሮች ገዛሁ። አምባሮቹን ባየሁ ቁጥር ያልገዛሁት በር ይታየኝ ነበር።

ሐጂ ቤቱን ለራሳቸው ገዙትና ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ልጆቻቸውም ያንን ቤት ሸጡት። በደል አልሠሩም፤ ወረቀቱ የአባታቸው ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አምባሮቹን እየሸጥኩ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ገዳሪፍ በሚሄደው አውቶቡስ ለሦስታችን ቦታ ያዝኩ፤ ለጋሽ ተካልኝም አንድ ጨመርኩ። እምቢ አሉ።

«ይሄ ጥሩ ስሌት አይደለም። ለሽማግሌ ወርቅ አይባክንም።»

«አንቱ ቢጠፉ ማን ጦሙን ያድራል?» አልኳቸው።

ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ፣ «መክሬ ያገኘሁት የመጀመሪያ ወርቅ» ብለው ሳቁ።

በወጣትነታቸው በጓደኛ ስም ቤት ገዝተው እንደተበሉ የነገሩኝ መንገድ ላይ ነው። «ሒሳብ አዋቂ ነበርኩ እኮ። የሰውን ገንዘብ አጥርቼ አያለሁ፤ በራሴ ጊዜ ግን ምኞቴ ጋረደኝ። የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም» አሉ። ይህን ነገር ብዙ አሰብኩበት። መካሪ የሚጠቅመን የግድ ከእኛ በልጦ አይደለም። የእኛ ምኞት የእሱን ዐይን ስለማይጋርደው ነው።

ጋሽ ተካልኝ፣ ከገዳሪፍ ተመልሰን የተቀመጥንበት ኒም ግማሹ ተቃጥሏል፣ ግማሹ አቆጥቁጧል። ዛሬም ዓርብ ነው። መቀመጫዎን ከቦታዋ አላነሣሁም። ሻይ ቀድቼልዎታለሁ፣ ስኳሩን አልረሳሁም፤ ዋጋውንም ከኪሴ አውጥቼ ሣጥኔ ውስጥ ከትቻለሁ። አንዲት አምባር ቀርታኛለች። ልጄ ሽጠን ሱቅ እንክፈት ትላለች፣ እኔ እፈራለሁ። ዛሬ አይመልሱልኝ፣ ልማድዎን አውቃለሁ። በሰላም ይረፉ። በሚቀጥለው ዓርብ እመጣለሁ።