ሬሳ የሚጠብቅ አይጸልይም

በጅርባ ደሴት፣ በትልቁ የአይሁድ ሰፈር፣ ቡጊድን የማያውቅ የለም። ሰው ሲሞት እስኪቀበር ድረስ አጠገቡ ተቀምጦ የሚጠብቅ እሱ ነው። ድሮ ሲጠሩት ነበር የሚመጣው፤ ሚስቱ ዋሪዳ ከሞተች ወዲህ ግን ሳይጠሩትም ከች ይላል። ሰዉ "አቤት ደግነት!" ይላል።

ምን ደግነት ነው እቴ! በአይሁድ ሕግ ሬሳ የሚጠብቅ ሰው ከጸሎት ነፃ ነው፤ አንዱን ትእዛዝ የያዘ ከሌላው ተፈቷል። ልጅ ስለሌላቸው ለዋሪዳ የሙት ጸሎት የሚያደርስላት እሱ ብቻ ነው። ቡጊድ ደግሞ ሰው ፊት ቆሞ ስሟን መጥራት አቃተው። ሬሳ ጥበቃው ውስጥ ተደበቀ።

ሙት ዓመቷ በዋለበት ቀን፣ ጠዋት፣ ዘይት ጨማቂው ሽማግሌ አረፉ። ልጃቸውን የያዘችው ጀልባ በነፋስ ቀረችና ቀብሩ ለነገ ተባለ። ቡጊድ ወንበሩን ይዞ ገባ። ደስም አላለው፣ አልከፋውም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የዋሪዳ ታላቅ እህት ኽሚሳ በሩን በርግዳ መጣች።

"አንተ! ዛሬ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ፣ እትዬ።"

"ታዲያ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተነሣ!"

"ሬሳ ይዣለሁ። ነፃ ነኝ።"

"ዓመቱን ሙሉ ነፃ! ሰው ባይሞትልህ ምን ይውጥህ ነበር?"

"ሕግ ነው፣ እትዬ።"

"ሕጉንማ አባቴም ያውቁት ነበር። ጠባቂው ሁለት ከሆነ አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ሄዶ ይጸልያል።" ወለሉ ላይ ዘርፈጥ አለች። "ይኸው፣ ሁለት ሆንን።"

ቡጊድ ሽማግሌውን አየ። እሳቸውም አላዳኑትም።

"ዳዊቱን ማንበብ አትችይም እኮ።"

"በቃሌ እለዋለሁ። ሂድ ወዲያ!"

ሄደ። ምኩራቡ በር ላይ ጫማውን አወለቀ፤ ምንጣፉን መርገጡ እንኳ አልተሰማውም። ወንዶቹ ዞረው አዩት። ጸሎቱን አለ፤ አሜን አሉለት። የዋሪዳን ስም ከነእናቷ ስም ጠራ። የማያውቃት የጎረቤት ሴት ስም ይመስል ከአፉ ወጣ።

ሲመለስ ኽሚሳ እዚያው ናት።

"አልክላት?"

"አልኩ።"

"ስሟንም?"

"ስሟንም።"

"እንዴት ነበር?"

"ምንም።"

"ምንም ከሆነ ዓመት ሙሉ ምን አስሮጠህ?"

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ እጁን ጉልበቱ ላይ ጣለ።

"የነገ ጠዋቱ ጸሎትስ?" አለች።

"ሽማግሌው እስኪቀበሩ ነፃ ነኝ።"

ኽሚሳ ሻርፗን ጠቅልላ ትራስ አደረገችና ግድግዳውን ተደገፈች። "እንግዲያው እዚሁ አድራለሁ።"