ያልተገጠመው ኮፓ

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «እሑድ የለም» እያለ ነው። ጎሚስታ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ጎማ ሲፈታና ሲያስር የኖረ። ደንበኛ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ መጥቶ «ነገ ልምጣ?» ካለው ቀና ብሎ ሳያይ «እሑድ የለም» ይላል፤ በቃ። ቀልደኞቹ «የሱ ሳምንት ስድስት ቀን ነው፣ አንዷን ማን እንደሰረቃት እንጃ» እያሉ ይስቁበታል። እሱ ግን አይስቅም።

የሚያስቅም ነገር የለውማ! አባቱም ጎሚስታ ነበሩ፤ እሑድ ሳይሉ በዓል ሳይሉ የሚሠሩ። አንድ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ሰው ከጸሎት ሲመለስ፣ መኪናውን ያነሳው ክሪክ ተንሸራተተና መኪናው ደረታቸው ላይ ወረደ። እናቱ ከቀብር መልስ ልጇን ለብቻው ጠርታ፣ «እሑድ ቀን ብረት ብትነካ ያጠባሁህ ጡት ይፍረድብህ!» አለችው። ያን ጊዜ ገና ሃያ ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ እሑድን አክባሪ ነው ብሎ ያመሰግነዋል። እውነቱን እንነጋገር ካልን ግን እሑድን ፈሪ ነው።

ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲመታ መፍቻው ከእጁ ይወርዳል። ሚስቱ መሣሪያውን ሰብስባ ሳጥን ውስጥ ትከትና ትቆልፋለች፤ ቁልፉም ቦርሳዋ ውስጥ ይገባል። «በል እንግዲህ፣ እስከ ሰኞ ሥራ ፈት ነህ» ትለዋለች። እሑድ ጠዋት ሸሚዙን ለብሶ ይጸልያል፣ ከሰዓት በኋላ የታመመ ይጠይቃል፣ ከዚያ ይተኛል። የቤቱ የበር እጀታ ላልቶ ቢንጠለጠል እንኳ ወይ ፍንክች! «ካቻቢቴ ለሱ እሑድ እሑድ መርዝ ነው» እያለች ሚስቱ ታሾፍበታለች።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ፣ ሊመሽ ሲል፣ አንድ የሚኒባስ ሹፌር የኋላ ግራ ጎማው ተንፍሶበት እየተንፏቀቀ ደረሰ።

«ጋሼ፣ በእናትህ! ነገ ከጸሎት በኋላ እናንተኑ ነው አረጋውያን መጦሪያ ለጥየቃ የማደርሰው። በእግራችሁ ልትሄዱ ነው እንዴ?» አለው።

ጎማውን ፈታ፣ ለጠፈ፣ መለሰ። አምስቱን ብሎኖች በጣቱ አዞራቸው። ደንቡ እንደዚህ ነው፤ መጀመሪያ በጣት፣ ከዚያ ክሪኩ ይወርዳል፣ ጎማው መሬት ሲረግጥ ብሎኖቹ አንድ በአንድ በመፍቻ ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ኮፓው፣ ያ የሚያብረቀርቀው የጎማ ክዳን፣ ይደረግና በመዳፉ ጧ ያደርገዋል። ኮፓው ከተመታ ሥራው አለቀ ማለት ነው። እሱ ክሪኩን እያወረደ ሳለ ደወሉ ተመታ።

በማግስቱ ከጸሎት በኋላ አሥራ ሁለት ሰው ሚኒባሱ ውስጥ ተሳፈረ። እሱና ሚስቱ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጡ። ሴት ልጁ የአራት ወር ጨቅላዋን አቅፋ በስተኋላ፣ ልክ ከግራው ጎማ በላይ ነበረች። ሴቶቹ ዝማሬ ጀመሩ፣ መኪናው ዳገቱን ተያያዘው። ሹፌሩ በመስታወቱ አየውና ሳቅ አለ።

«ጋሼ፣ ትናንት እኮ ኮፓውን ሳትገጥምልኝ ሄድክ! መሬት ላይ አግኝቼው ከመቀመጫህ ሥር አስቀምጬዋለሁ።»

እጁን ሰደደና ነካው። ቀዝቃዛ ነበር። 

ምናልባት ኮፓውን ብቻ ረስቼ ይሆናል አለ በልቡ። ደወሉን አስታወሰ፣ ሚስቱ መፍቻውን ሳጥን ውስጥ ስትከት አስታወሰ፣ ሹፌሩ እያመሰገነ ሲነዳ አስታወሰ። ብሎኖቹን ሲያጠብቅ ግን ሊያስታውስ አልቻለም። ትከሻውን ጫን ጫን አደረገው፤ ቅዳሜ ማታ ያጠበቀ ትከሻ እሑድ ትንሽ ይጠዘጥዛል። ምንም አልጠዘጠዘውም።

አቁም በል! በል እንጂ! ግን እንዴት ይበል? አቁም ካለ ክሪክ ይወጣል፣ መፍቻ ይወጣል፣ ብረት ይነካል፤ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ልክ በአባቱ ሰዓት። ደግሞስ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ይለዋል? ስለ ሰንበት ሲነሳ «እንደሱ ሁኑ» እየተባለ የሚጠቀስ ሰው! ላብ አጠመቀው። ሚስቱ «አመመህ እንዴ?» አለችው። በአሉታ ራሱን ነቀነቀ።

የመብራት ምሰሶ መቁጠር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በሰባተኛው ላይ ከኋላ ድምፅ ሰማ። ጓ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጓ፣ ጓ። ዝማሬው ስለዋጠው ሌላ ማንም አልሰማም። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ዳገቱ እያለቀ ነበር። ከጫፉ ወዲያ ቁልቁለት ነው፣ ከቁልቁለቱ ሥር ድልድይ። ከኋላ ጨቅላው ሲያለቅስ ሰማ፤ ልጁም «እሹሩሩ» ስትል ሰማ።

«አቁም!» ብሎ ጮኸ። የራሱን ድምፅ አላወቀውም። «አቁም፣ አቁም ነው የምልህ!»

ወረዱ። ከአምስቱ ብሎኖች ሁለቱ የሉም፤ ሦስቱም በጣት ይዞራሉ። ጎማው ተዛብቶ ቆሟል። አንዷ ሴትዮ አፏን በእጇ ያዘች።

ሹፌሩ ፊቱ አመድ መስሎ ክሪኩንና መፍቻውን አወጣ። «ጋሼ፣ አንተ አትንካ፣ እሑድ ነው። ንገረኝና እኔ ልሥራው» አለ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ እሺ ሊል ነበር! እሺ የምትለው ቃል ከንፈሩ ላይ ደርሳ ነበር። ከዚያ ልጁን አያት፤ ጨቅላዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ መንገድ ዳር ቆማለች። ክሪኩን ከሹፌሩ እጅ ተቀበለና በእሑድ ሱሪው ተንበረከከ። ክሪኩ በጮኸ ቁጥር የአባቱ ደረት ይታየዋል። ከሌሎቹ ጎማዎች ሁለት ብሎን ተበደረ፣ አሰረ፣ አወረደ፣ በሙሉ ክብደቱ አጠበቀ። ኮፓውን መታ። ጧ።

«ይሄ ጆሮ ነው እንዴ!» አለ ሹፌሩ። «ከዚያ ሁሉ ዝማሬ መሀል ለየኸው!» ሴቶቹም «እግዜር ነው ከእኛ ጋር ያስቀመጠህ» እያሉ ይመርቁት ጀመር።

«ተዉ፣ አትመርቁኝ» አለ። «እኔው ነኝ ያላጠበቅኩት። ደወሉ ሲመታ ትቼው ሄድኩ።»

 ቀሪውን መንገድ ያለ ዝማሬ ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብተው እጁን ሲታጠብ ሚስቱ አጠገቡ መጥታ ቆመች።

«ስለ ኮፓው ሲነግርህ ፊትህን አይቼዋለሁ። ያኔ ነው ያወቅከው» አለችው።

ጣቶቹን በሳሙና ማሸት ቀጠለ።

«ልጅህ እዚያ ጎማ ላይ ተቀምጣ፣ እስከ ዳገቱ ጫፍ ድረስ ዝም አልክ። ምን አስፈራህ?»

«እሑድ ነበራ» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ።

ሚስቱ ዓይኗ እንባ ሞላ። «አንተ ሰው፣ እግዜር እንኳ ጨርሶ ነው ያረፈው» አለችና ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ሳሙናው አጠገብ አስቀመጠችው።

ውሃው እየፈሰሰ ቁልፉን ሲያየው ቆየ። ድንገት ቀና አለ።

«ትናንት ከሚኒባሱ በፊት የማንን ጎማ ነው ያሰርኩት?»

«የአዋላጇን። ምነው?»

«እሱን አጥብቄዋለሁ… መሰለኝ።»

ተያዩ። አዋላጇ ምጥ ከያዛት ሴት ዘንድ ስትጠራ ቀን አትመርጥም፣ ቀስ ብላም አትነዳም። እጁን ሳያደርቅ ቁልፉን አንስቶ ወጣ። ሳጥኑን ከፈተ፣ መፍቻውን ትከሻው ላይ ጣለና የአዋላጇን ቤት አቅጣጫ ይዞ ይሮጥ ጀመር። በራፋቸው ላይ የተቀመጡት ጎረቤቶች አፋቸውን ከፍተው አዩት።

«ኧረ ጉድ! ዛሬ እሑድ አለ እንዴ?» ብሎ አንዱ ሳቀ።

እሱ ዞር ብሎም አላየም፤ ጆሮው የሚያዳምጠው ከሩቅ የሚመጣ የመኪና ድምፅ ነበር።