ጸበል የነካው መተንፈሻ

ሬጉሌተሮቼን ሰርቪስ የማደርገው ቀበና ባለው ቤታችን፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሬጉሌተር ከአየር ሲሊንደሩ የሚወጣውን ኃይለኛ ግፊት ቀንሶ ለአፍ በሚመች ልክ የሚሰጥ ዕቃ ነው፤ ውኃ ውስጥ የጠላቂው ነፍስ በእሱ ላይ ናት። መጥለቅ የተማርኩት ጂቡቲ ስሠራ ነው። ስመለስ እዚህ የሚጠግንልኝ ሰው ባጣ፣ ቪዲዮ እያየሁ ራሴ ጀመርኩት። ሙያ በልብ ይባላል፤ የእኔ ግን በአፌ ነበር። ቤት የመጣውን እንግዳ ሁሉ ይዤ እየፈታሁ አሳይ ነበር።

እማዬ ጠረጴዛዋን ስይዝባት አጉረምርማ አታውቅም። የምትፈራው ውኃውን ነው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ልጠልቅ ስሄድ፣ በደህና እስክመለስ እህል አትቀምስም።

ዘንድሮ ክረምቱ እንደወጣ ሁለቱንም ሬጉሌተሮች ፈታሁ። አንደኛው አብሮኝ ለሚጠልቅ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። የነሐስ ክፍሎቹ የያዙት ነጭ ጨው እንዲለቅ አቼቶ በጨመርኩበት ውኃ ዘፈዘፍኳቸው፤ በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ፣ ያረጁትን ጎማዎች ቀይሬ ገጠምኩ። ቀይሬ ማለቴ፣ የቀየርኩ መስሎኝ።

ባልደረባዬ ሊያይ ሲመጣ የእሱን ሲሊንደሩ ላይ አስሬ ከፈትኩት። መጀመሪያ ጸጥ አለ። ጥቂት ቆይቶ ግን ማንም ሳይተነፍስበት አየሩ ሲስ እያለ መውጣት ጀመረ። ተናደድኩ። ዕቃዬን ማን ነካው ብዬ ጮህኩ። እማዬ ከወጥ ቤት ብቅ አለችና ከእንጦጦ ማርያም ያመጣችውን ጸበል መዘፍዘፊያው ላይ ጠብ እንዳደረገችበት ነገረችኝ። አልደበቀችም፤ እንዲያውም ደስ የሚለኝ መስሏት ነበር።

«ሰው ልትገድዪ ነበር እኮ» አልኳት።

በዚህም አላበቃሁም። ከጸበሉ ጋር የመጣው አሸዋ ነው አየሩን አላስዘጋ ያለው፣ በማታውቂው ነገር ለምን ትገቢያለሽ፣ ብዙ ብዙ አልኩ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል፤ የእኔም ያኔ ታየ። ባልደረባዬ የቀረበለትን ሻይ እንኳ ሳይጨርስ ሄደ። እማዬ በማግስቱ ማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ኪዳን ልታደርስ መስሎኝ ወዴት ነው አላልኳትም።

ከሰዓት በኋላ ዕቃውን እንደገና ፈታሁት። አሸዋ የሚባል ነገር የለበትም። አየሩን የሚዘጋው ጥፍር የምታህል ክብ ጎማ ግን መሐሏ በቀለበት ቅርጽ ተቦርቡሯል፤ ያረጀ ጎማ ምልክቱ ይሄ ነው። ዕቃ የደረደርኩበትን ጨርቅ ሳራግፍ አዲሷ ጎማ ከእጥፋቱ ውስጥ ዱብ አለች። አሮጌዋን ጠርጌ መልሼ የገጠምኳት እኔው ነበርኩ። አዲሷን አስገብቼ አየሩን ስከፍተው ጸጥ አለ፤ ቁጭ ብዬ ብጠብቅም ጸጥ እንዳለ ቀረ። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ጸጥታ የለም።

ልነግራት ክፍሏን ከፈትኩ። እየሰገደች ነበር። ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል፤ ከወለሉ የምትነሳው የአልጋውን ጠርዝ ይዛ ነው። ምነው ብላት፣ የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ የሰው ነፍስ ላጠፋ ነበር ብላ መናዘዟን ነገረችኝ። እሳቸው ሳታውቂ ያደረግሽው ነው፣ በዚህ ጉልበትሽ ስግደት ይቅርብሽ ብለዋት ነበር። እሷ ናት እምቢ ብላ ስግደቱን ለምና የተቀበለችው።

«እማዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። «አሮጌውን ጎማ ነው መልሼ የገጠምኩት። ጸበሉ ምንም አላደረገም።»

ብትቆጣኝ፣ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ባልደረባዬ ነው፤ ደህና ነው ወይ አለችኝ። ደህና ነው፣ ገና አልጠለቀበትም አልኳት። ተመስገን ብላ እንደገና ለመስገድ ነጠላዋን አስተካከለች።

«የእኔ ጥፋት ነው እያልኩሽ ለምን ትቀጥያለሽ?»

«ሰማሁህ እኮ» አለች። «እስካሁን የሰገድኩት ለራሴ ነበር። የቀረው ላንተ ይሁንልህ።»

አልጋውን ለቀቀችና ተንበረከከች።