የክትሩ ድንጋይ

ድንጋይ መሸከም አልወድም። አሁንም አልወድም። በደርግ ጊዜ ግን ትወጃለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ እሁድ ጠዋት ጥሩምባ ከተነፋ ዘመቻ ነው፣ ትወጫለሽ። የካ ሚካኤል ግርጌ ላለችው ቀበሌያችን የዚያ ዓመት ዘመቻ ወንዙ ነበር። ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ መታጠፊያው ላይ ዳሩን እየበላ እየበላ፣ ጎረቤቴ ደጃፍ ለመድረስ አራት እርምጃ ብቻ ቀርቶት ነበር። ጎረቤቴ አራስ ናት። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አሰብ ከወረደ ቶሎ አይመለስም። ሌላ ቤት ስጡን ብለው ቀበሌውን ለምነው "ቤት የለም" ተብለዋል። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ መታጠፊያው ላይ ካብ እንድንክብ ተወሰነ፤ እያንዳንዱ ቤት እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ክምር ያመጣል።

ድንጋይ የሚፈለጥበት ቦታ ሩቅ ነው፣ ያውም ዳገት። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ባይ ነኝ። ጭራሮ ልለቅም ወደ ባሕር ዛፉ ስወጣ፣ ከሰፈራችን በላይ ባለው ቦይ ውስጥ ቅጠል የለበሰ ድንጋይ ተደርድሮ አየሁ። ለእጅ የሚመች፣ የተመረጠ ድንጋይ። "ማነው ደግሞ እንዲህ ያሰበልኝ!" አልኩና በጆንያ እያደረግኩ በሁለት ቀን አወረድኩት። ክምሬ ከሁሉም ቀድሞ ሞላ። የቀበሌው ሊቀመንበር በሰው ፊት አመሰገኑኝ፣ ተጨበጨበልኝ። እኔም ደረቴን ነፋ አደረግኩ፣ ምን አፍራለሁ።

ካቡን በጨረስን በሳምንቱ የሰኔ ዝናብ ጀመረ። ዝናብ ልበለው እንጂ ካፊያ ነገር ነበር። ውሃው ግን አበደ። ካቡን ዘሎ ጎረቤቴ ቤት ገባ። "ያ ረቢ!" እያለች ልጇን ጠቅልላ ወደ እኔ ሮጠች፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች። "እንዴ፣ ካቡ እያለ?" አለችኝ። እኔም የገረመኝ እሱው ነበር። ውሃው ሲጎድል ወደ ላይ ወጣሁ። ያ የወሰድኩት ድንጋይ ለካ ክትር ኖሯል፤ ድሮ የሆነ ሰው ጎርፉ እየተንደረደረ ወደ ወንዙ እንዳይወርድ ቦዩን ያገደበት። እኔ የነቀልኩት ጥቂት ጆንያ ነው፣ ክፍተቱ ግን ጋሪ ያሳልፋል። የቀረውን ውሃው ገንድሶት ነው አልኩ። ወይኔ! እዚያው ቁጭ ብዬ ራሴን ሰደብኩት።

ከተናገርኩ አሻጥረኛ እባላለሁ። ያኔ ይህች ቃል ቀልድ አልነበረችም፤ የቀበሌው እስር ቤት ከአዳራሹ ጀርባ ነው፣ በሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዝም ካልኩ ደግሞ ሐምሌ ሲመጣ እናትና ልጁን ውሃ ይወስዳቸዋል። አጥሚት ይዤላት ስሄድ "አንቺ ባትኖሪልኝ ምን ይውጠኝ ነበር" ትለኛለች። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

እሁድ በስብሰባው ሂስና ግለሂስ ተባለ። ግለሂስ ማለት ሰው በየተራ ተነስቶ "አንዳንድ ጊዜ ስብሰባ አረፍዳለሁ፣ አሻሽላለሁ" ብሎ የሚቀመጥበት ነው። ከዚህ ያለፈ ጥፋት ያለበት ሰው በቀበሌያችን ተሰምቶ አያውቅም። ተራዬ ደረሰ። ተነሳሁ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ድንጋዬን ያመጣሁት ከላይኛው ክትር ነው። ጎርፉን የለቀቅኩባችሁ እኔ ነኝ። የፈለጋችሁትን አድርጉኝ፣ ብቻ ሐምሌ ሳይገባ ክትሩን እንመልሰው።"

ሊቀመንበሩ ኮፍያቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ። "ከየት በኩል ነው የወሰድሽው?" አሉኝ።

"ከግራ።"

"እኔ ከቀኝ ነው" አሉ።

ከኋላ የሰፈራችን ባለሱቅ "እኛ ደግሞ ከመሃል..." ሲል ሳቁ ፈነዳ። ለካ ግማሹ ቀበሌ እዚያው ነው የወጣው! እያንዳንዱ ተደብቆ፣ እያንዳንዱ እኔ ብቻ ነኝ ብሎ። እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም፤ እየሳቅኩ አለቀስኩ። ቃለ ጉባኤ ያዡ "ይሄ ይጻፍ?" ሲል ሊቀመንበሩ "ክትር ይጠገናል ብለህ ጻፍ፣ ይበቃል" አሉት።

ካቡን ማፍረስ ስለማይሆን አዲስ ድንጋይ ከዚያ ከሩቁ ቦታ አመጣን። በዚህ ጊዜ አቋራጭ የፈለገ የለም። ሊቀመንበሩም ተሸከሙ። የኔንማ ተዉት፣ ትከሻዬ ተላጠ። ክትሩ እስኪሞላ ሦስት እሁድ ፈጀብን።

ሐምሌ ላይ ያ የምንፈራው ዝናብ በቀትር ወረደ። ልጁን ላወጣ ብዬ ጎረቤቴ ቤት ሮጬ ገባሁ። እሷ መስኮቱ ጋ ቆማ ታያለች። ውሃው ድፍርስርስ ብሎ፣ ግን ቀስ ብሎ መጣ፤ ካቡን ታክኮ ታጠፈና ሄደ። እኔ አላመንኩም። ልጁን ላነሳ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

"ተይው፣ አትቀስቅሺው" አለችኝ፤ "አሁን ገና ነው የተኛው።"