ናዓም ማዳም

አቡ ዳቢ በምናስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን የእኔ አገልግሎት ሰው መቀስቀስ ነው። እንዲህ ስል የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። እኔ ግን ሥራው የተሰጠኝ ቀን አኩርፌ ነበር። ወደ አባታችን የሄድኩት ከመዘምራን ጋር አስገቡኝ ልል ነው። ድምፄ ያምራል፣ ራሴን ላሞግስና። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ "ልጄ፣ ዘማሪ ሞልቶኛል። ቀስቃሽ ነው ያጣሁት" አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። አዳራሹን የምንጋራው ከሌሎች አገር ክርስቲያኖች ጋር ስለሆነ የእኛ ተራ የሚደርሰው ረፋዱ ላይ ነው። እህቶቻችን ደግሞ በሰው ቤት ሳምንቱን ሙሉ ቆመው የዋሉ ናቸው። ነጠላቸውን ተከናንበው ከአየር ማቀዝቀዣው ሥር እንደተቀመጡ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስዳቸዋል። ቆማ የምትተኛም አለች። ዲያቆኑ በዚያ በሚያስገመግም ድምፁ "ተንሥኡ" ሲል ንቅንቅ አይሉም።

ቅር እያለኝ ጀመርኩት። የመጀመሪያዋን ትከሻዋን በጣቴ ነካ ነካ ሳደርጋት ብድግ ብላ፣ "ናዓም ማዳም!" አለች። ማዳም የምንለው አሠሪያችንን ነው፤ ናዓም በዓረብኛ አቤት ማለት ነው። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛዋ "መጣሁ ማዳም" ብላ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች፤ ጫማዋ ያለው ደጅ ነው። መዘምራኑ ሳቁ፣ እኔም ሳቄ መጣ። ከዚያ የሴትየዋን ፊት አየሁት፤ ድንጋጤው ገና አልለቀቃትም። በሳቄ አፈርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጣት መነካካቱን ተውኩት። መዳፌን ሙሉውን ትከሻቸው ላይ አሳርፌ ጥቂት እቆይና ጆሯቸው ሥር፣ "እህቴ፣ ቤተ ክርስቲያን ነሽ። ማንም አልጠራሽም" እላቸው ነበር። እንዲህ ሲሆን ቀስ ብለው ነው የሚነቁት። አንዳንዷ ፈገግ ትላለች።

እኔ ራሴ የምሠራው አል ዓይን ከተማ፣ ዛኸር የሚባል ሰፈር ነው። ሞግዚት ነኝ፤ የማዳምን መንታ ልጆች አሳድጋለሁ። እሑድ ማለዳ አውቶቡስ እሳፈራለሁ፤ ወደ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ አሸዋው ሲያልፍ አያለሁ። ጉም የወረደ እንደሆነ አሸዋው ከሰማዩ አይለይም፤ እየሄድኩ ይሁን ቆሜ እንጃ። ያን መንገድ እወደዋለሁ። የማንም ያልሆንኩበት ሰዓት እሱ ብቻ ነው።

አንድ እሑድ ከኸሊፋ ሲቲ የመጣች ልጅ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ትልቅ ቪላ ውስጥ ብቻዋን የምትሠራ ናት፤ ከስምንት ወር በኋላ አንድ እሑድ ተፈቅዶላታል። ንስሐዋን ጨርሳለች፣ ከትናንት ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሰችም፣ ልትቆርብ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ቤተሰቡ የሙቀቱን ወራት ሊያሳልፍ ውጭ አገር ይዟት ይሄዳል። እዚያ ከቤት መውጣት ትችል አትችል አታውቅም።

"እህት ዓለም፣ እንቅልፌን አላምነውም" አለችኝ እጄን ይዛ። "መጋረጃው ለቁርባን ሲከፈት ቀስቅሺኝ። ዛሬ ካለፈኝ መቼ እንደማገኘው እግዜር ነው የሚያውቀው።"

"አንቺ ተኚ፤ እኔ ሌላ ምን ሥራ አለኝ" አልኳት። ኩራት ቢጤም ነበረብኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቅዳሴው ሳይጋመስ ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ደግሞ ከመንታዎቹ አንዱ አተኩሶት ሲያለቅስ ያደረብኝ ሰው ነኝ፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ዓይኔን ላሳርፍ አልኩ እንጂ ልተኛ አላልኩም።

አል ዓይን፣ አል ቃጣራ ነበርኩ። አመሻሽ ላይ ልጆቹን የምወስድበት የቴምር አትክልት ቦታ ውስጥ፤ ከዛፎቹ ሥር ውሃው በቦዩ ይሄዳል። ቅዳሴው ከቴምሮቹ አናት ላይ ይሰማል። መንታዎቹ የዲያቆን ካባ ለብሰው ቦዩ ውስጥ ይራመዳሉ፤ ካባቸው ግን አይረጥብም። እኔም ዘማሪት ሆኛለሁ፣ ድምፄ እንደ ልቤ ይወጣል። እንዴት ደስ ይል ነበር። ከዚያ ከአሮጌው የጭቃ ግንብ ወዲያ ማዳም ጠራችኝ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። መዝሙሬን አቋርጬ ባለ በሌለ ኃይሌ "ናዓም ማዳም!" አልኩ። ማንም አልመጣም። ውሃው ብቻ ይሄዳል፣ እኔም አብሬው ሄድኩ።

ስነቃ ቁርባኑ አልቋል። የቆረቡት አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው የቅዳሴ ጸበል ወደሚጠጣበት ይሄዳሉ። ወደ ጎኔ ዞር ስል የልጅቷ ቦታ ባዶ ነው። አልፏት፣ ዘግይታ ነቅታ፣ እያለቀሰች ወጥታለች አልኩ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ሰው እኔን ተማምኖ ተኛ፣ እኔ ደግሞ አብሬው ተኛሁ። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።

መዳፍ ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ ሙሉው መዳፍ፣ ጥቂትም ቆየ። ቀና ስል እሷ ናት። አፏን በነጠላ ይዛለች፤ የሚታየኝ ዓይኗ ብቻ ነው። ቆርባለች! ልጠይቃት ስል በእጇ ቆዪ አለችኝ፤ ጸበሉን ሳትጠጣ አትናገርም። ሄዳ እስክትመለስ እንዴት እንደቆየሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

"ማን ቀሰቀሰሽ?" አልኳት።

"አንቺ ነሻ!" አለች ሳቋን መያዝ እያቃታት። "'ናዓም ማዳም' ብለሽ ስትጮሂ እግሬ ቀድሞኝ ቆመ። የተጠራሁ መሰለኝ። ዓይኔን ስገልጥ መጋረጃው ተከፍቷል። እኔ ብቻ የነቃሁ መሰለሽ? የተኛው ሁሉ ብድግ አለ። አንቺ ብቻ ቀረሽ።"

"አባታችንም ሰሙ?"

"ያልሰማ ማን አለ?"

ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ሥር፣ "እህቴ፣ ቤተ ክርስቲያን ነሽ" አለችኝ። የቀረውን አልጨመረችም። ከዚያ እሑድ ወዲህ እኔም ስቀሰቅስ "ማንም አልጠራሽም" ማለቱን ትቻለሁ።